መጋረጃው በማን ስም ይፈረም?

ላቀች አስማረ በንፋስ መውጫ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ውስጥ ሃያ አራት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ፋይል መቀበል፣ በቁጥሩ ቦታ ማስቀመጥና ሲፈለግ ማውጣት ነው። ማን ተከስሶ እንደነበር፣ የማን ደመወዝ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው ኃላፊ ማስረጃው ሳይሟላ እንደተቀጠረ አሳምራ ታውቃለች። ከተማው ግን ከእሷ አፍ አንድም ነገር ሰምቶ አያውቅም። ሊያወጣጣት ለሚሞክር ሁሉ መልሷ አንድ ነው፦ «ፋይሉ ዝግ ነው።»

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ልትሳለም ስትዘጋጅ፣ ጎረቤቷ ትዕግስት አንድ አደራ ይዛ መጣች። ትዕግስት ልብስ ሰፊ ናት። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳሯ ሦስት ጊዜ ፀንሳ ሦስቱም ወርደውባታል። ሦስቱንም ጊዜ ከተማው አስቀድሞ ሰምቶ ነበር፤ እሷም ምክንያቱ ይኸው የሰው መስማት እንደሆነ አምናለች።

«እትዬ፣ ደግሞ ፀንሻለሁ» አለች በሩን ዘግታ። «አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከባሌና ከእርስዎ በቀር ያወቀ የለም። አማቴ እንኳ አልሰማችም። ሆዴ ራሱ እስኪናገር ማንም እንዳይሰማብኝ።»

ስለቷ መጋረጃ ነበር። ይህን ወር በሰላም ካየች፣ ኢየሩሳሌም ካሉት ከኢትዮጵያውያን ገዳማት በአንዱ ለሚገኝ ቤተ መቅደስ መጋረጃ ልታስገባ ተስላ ነበር። የጆሮ ጉትቻዋን ሸጣ አሥራ አንድ ሺህ ብር አመጣች። ከዚያ ወደ ላቀች ጆሮ ጠጋ ብላ ስመ ክርስትናዋን ነገረቻት፤ ወለተ ሐና። ስመ ክርስትና በኛ አገር ለካህንና ለቅርብ ዘመድ እንጂ ለማንም አይነገርም። ክፉ ሰው ከያዘው ሊጎዳበት ይችላል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ላቀች ከጎረቤቷ የተቀበለችው አደራ ሦስት ነው ማለት ነው፤ ገንዘቡ፣ ፅንሱና ስሙ።

ብሩ እንደ ብርነቱ ባሕር አይሻገርም። ላቀች የራሷንም የትዕግስትንም አንድ ላይ ይዛ ባንክ ሄደች። ቪዛና ትኬት ስታሳይ ጥቂቱን ዶላር በእጇ፣ የቀረውን በካርድ ሰጧት። ካርዱን በነጭ መሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ ገንዘቡ በሙሉ እዚያ ውስጥ ያለ መስሏት ነው። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል፣ ነገሩ ግን ሲታወቅ እንዴት ደስ ይላል! ገንዘቡ ባንኩ ዘንድ እንዳለ ነው፤ ካርዱ መልእክተኛ ብቻ ነው። ባለሱቁ ካርዱን በማሽኑ ሲያስነካው «ይህች ሴት ይህን ያህል አላት ወይ?» የሚል ጥያቄ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ «አላት» የሚል መልስ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው አንዲት «እግዚኦ ተሣሃለነ» ተብላ ሳታልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ነገር አለ። ባንኩ ምን ያህል እንደወጣና በየትኛው ሱቅ እንደወጣ ጽፎ ወደ ባለካርዱ ስልክ ይልካል።

ችግሩ ስልኩ ላይ ነበር። ቅጹን በሞላችበት ሳምንት የላቀች ስልክ ልብስ በምታጥብበት ሳፋ ውስጥ ወድቆ አልነሣ ብሏል። ጸሐፊዋ «ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ቁጥር ይስጡኝ» ስትላት የታናሽ ወንድሟን የእዮብን ቁጥር ሰጠች። እዮብ መናኸሪያው በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ስልኩ ክፍት ነው፤ ቤቱም ክፍት ነው፤ አፉ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ክፍት ነው። ላቀች ከመንገዱ በፊት አዲስ ስልክ ገዛች። ቁጥሩን ባንኩ ዘንድ ማስቀየር ግን ትዝም አላላት።

ኢየሩሳሌም የገቡት በሰሙነ ሕማማት መባቻ ነው። በሆቴሉ ክፍል የደረሷት ወይዘሮ ዓለሚቱ የሚባሉ የእስቴ ሰው ነበሩ፤ መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ በነርስነት አገልግለው ጡረታ የወጡ። እሳቸው ካርድ አይወዱም። ዶላራቸውን በሙሉ ከመቀነታቸው ሥር በጨርቅ ሰፍተው ታጥቀውታል።

«የእኔ ባንክ ወገቤ ላይ ነው» አሉ። «ብቻ መታጠቢያ ቤት በገባሁ ቁጥር ባንኩን በምን ልስቀለው?»

ሰኞ ዕለት ላቀች ሻማ ገዛች። ሂሳቡ በአገሩ ገንዘብ በሰቅል ነው፤ «ይኸ የኦሪቱ ሰቅል ነው?» ብላ ስትደነቅ ሳለ ማሽኑ ጢጥ አለና አለቀ። ሆቴል ስትደርስ በኢንተርኔት ስልኳ ጮኸ። እዮብ ነው።

«እታለም! ሻማ በሠላሳ አራት ዶላር? ንቦቹንም ነው እንዴ የገዛሻቸው?»

ደነገጠች። ከሻማ ሱቁ ሆቴሉ ድረስ የተራመደችው አንድ ሺህ እርምጃ ቢሆን ነው። ቀና ስትል ወይዘሮ ዓለሚቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ስልክ ይነካካሉ።

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ወንድሜን ያውቁታል?»

«ወንድም እንዳለሽም ገና መስማቴ ነው።»

«ሻማ መግዛቴን ለማን ነገሩ?»

«ለልጅ ልጄ ፎቶ እየላክሁ ነው። ምነው፣ የተሰረቀ ሻማ ነው?»

ላቀች ይቅርታ ጠየቀች፤ ግን ግራ እንደተጋባች ቀረች። ማን አይቷት ይሆን? የአገሯ የጋይንት ሰው እዚህ ተደብቆ ይኖር ይሆን? በማግሥቱ መንገድ ላይ ነጭ ለባሽ ባየች ቁጥር ፊቱን ትመረምር ነበር።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት መጋረጃውን ለመግዛት ወጣች። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ባለወርቅ ዘርፍ ቀይ መጋረጃ መረጠች። ሻጩ ከተሳላሚዎች የለቀማት ጥቂት አማርኛ ነበረችው፤ «እማማ፣ ቆንጆ ቆንጆ!» እያለ ዋጋውን ሁለት መቶ ዶላር አደረሰላት። ካርዱን ሰጠችው። ማሽኑ ትንሽ ወረቀት አወጣ፤ ሻጩ ብዕር አቀበላትና ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። እዚህ ፈርሚ ማለቱ ነው።

ላቀች ብዕሩን ይዛ ቆመች። ከእሷ ጋር ቆመን ብናስብበት ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የምታውቀው ሕግ አለ፤ ፊርማ የባለ ጉዳዩ ነው። የዚህ መጋረጃ ባለ ጉዳይ ማን ነው? ገንዘቡ የትዕግስት፣ ስለቱ የትዕግስት። ካርዱ ላይ ግን «ላቀች አስማረ» ይላል። በዚህ ቅዱስ አገር በራሷ ስም ብትፈርም ስለቱ ለእሷ ቢቆጠርስ? ትዕግስት ጉትቻዋን ሸጣ፣ ምስጋናው ለላቀች ቢጻፍስ? አምላክ ደረሰኝ እንደማያይ ታውቃለች፤ ቢሆንም ፅንሱ ቢወርድ ይህችን ፊርማ ዕድሜ ልኳን እንደምታስባት ደግሞ አላጣችውም። አማተበችና በአማርኛ ፊደል አሳምራ ጻፈች፦ ወለተ ሐና።

ሻጩ ካርዱን ገለበጠው። ከጀርባው ላቀች ራሷ የፈረመችው አለ። አማርኛ ማንበብ ባይችልም ሁለቱ ጽሑፎች አንድ እንዳልሆኑ ለማየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

«ኖ ኖ፣ እማማ። ይሄ፣ ይሄ፣ አንድ አይደለም። ፓስፖርት!»

ፓስፖርቱ ላይም ወለተ ሐና የለችም። ላቀች «ያው ነኝ፤ እሷ ናት፤ እኔ ስለ እሷ ነኝ» እያለች ደረቷን ትመታለች፤ ሻጩ ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ ሂሳቡን ሰረዘ፣ መጋረጃውን አጥፎ መደርደሪያው ላይ መለሰ፣ ካርዱን ሰጣት። ወረቀቷን ለምና ተቀብላ ስሙን ብጥስጥስ አድርጋ ቀደደችው።

ሆቴል ስትገባ እዮብ አራት ጊዜ ደውሎ ነበር። አምስተኛውን አነሣችው።

«እታለም፣ ሁለት መቶ ዶላር ወጣ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ተመለሰ ይለኛል! የሱቁ ስም የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚል ነው። አንቺ ስለት እንደሌለብሽ አውቃለሁ፤ የማን ነው? እዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆነን እየገመትን ነው። አንዱ የአንድ ነጋዴ ነው ይላል። አንዱ ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ነው አለ፣ ልጅ አጥታ የለ?»

አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ይህን ሁሉ ማን ነገረህ?»

«ባንኩ ነዋ! በገዛሽ ቁጥር ይጽፍልኛል። አላወቅሽም እንዴ? ከሰኞ ጀምሮ ጮክ ብዬ እያነበብሁላቸው ነው፤ ሰዉ ከኢየሩሳሌም ወሬ ናፍቆ!»

ሰሙነ ሕማማት ነው። በዚህ ሳምንት ካህን «ይፍታሽ» አይልም፤ የዋሸ ሰው ውሸቱን ተሸክሞ ትንሣኤን ይጠብቃል። እውነቱን መናገርም አይቻላትም። ፈልጋ ፈልጋ አንዲት ቀጭን እውነት አገኘች።

«ገንዘቡ ተመልሷል አላልህም? ምንም የገዛሁት የለም። ለሰዎቹም እንዲሁ በላቸው» ብላ ዘጋችው።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ነገሩን በከፊል ሰሙ። ላቀች የማን እንደሆነ ሳትናገር አንድ የሚደበቅ አደራ እንዳለባት ብቻ ነገረቻቸው። እሳቸውም የማን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ነርስ ነበሩና።

«እንግዲህ ስሚ» አሉ። «ሱቅ ውስጥ በካርድ ስትከፍዪ ባንኩ ሱቁን ያውቃል። ከግድግዳው ማሽን ገንዘብ ብታወጪ ግን የሚያውቀው ማውጣትሽን ነው። ከዚያ ወዲያ ዶላሩ የት እንደገባ ማን ይነግረዋል? ወረቀት አፍ የለው።»

ላቀች ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግማ አስወራቻቸው። እውነትም የሚያስደንቅ ነው። ያው የእሷ ገንዘብ በአንደኛው መንገድ ሲሄድ ስም ይዞ፣ ሱቅ ቆጥሮ፣ ሰዓት መዝግቦ ይሄዳል፤ በሌላው መንገድ ሲሄድ አንዴ ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል። ካርዱ ከሌባ ይጠብቃል፤ ቢጠፋም ይዘጋል። የወይዘሮ ዓለሚቱ መቀነት ቢፈታ ግን የሚዘጋው የለም። ቢሆንም የዕለቱ ፍርሃቷ ሌባ አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች አብረው ማሽኑ ዘንድ ሄዱ። አንደኛዋ ቁጥር ትነካለች፣ ሁለተኛዋ ነጠላ ዘርግታ ትከልላለች። ለራሷም ወጪ ተጨምሮ የሦስት መቶ ዶላር ግምት በሰቅል ወጣ፤ ማሽኑም የራሱን ቆረጠ። ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄዱ። ሻጩ ገና ሲያያት «ፓስፖርት፣ እማማ?» ብሎ ሳቀባት። ገንዘቡን ስትዘረጋለት ግን ስሟንም አልጠየቀ፣ አላስፈረማት፤ መጋረጃውን ጠቅልሎ ሰጣት። ላቀች እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች።

«መፈረም የለም?»

«የለም፣ የለም። ጨርሷል!»

ገዳሙ ዘንድ መጋረጃውን የተቀበሏቸው አባ ወልደ ጊዮርጊስ የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ። «ስመ ክርስትናዋን ንገሪኝ» አሏት። ወይዘሮ ዓለሚቱ ሳይታዘዙ ራቅ ብለው ቆሙ። ላቀች ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እሳቸውም «ወለተ ሐና» ብለው በልባቸው ያዙት እንጂ አልጻፉትም።

ከሰዓት በኋላ እዮብ ደወለ።

«ሦስት መቶ ዶላር በጥሬው? እታለም፣ ሌባ አስገድዶሽ ነው?»

«ማንም አላስገደደኝም።»

«ታዲያ ምን አደረግሽበት?»

ዝም አለች።

«ወርቅ ነው! ወርቅ ገዝተሽ ነው! ንገሪኝ እንጂ!»

አሁንም ዝም አለች። ዝም ማለት መዋሸት ይሁን አይሁን አላወቀችም። አባን ልትጠይቃቸው ፈልጋ ነበር፤ ሳምንቱ አልፈቀደላትም። ንፋስ መውጫ ስትደርስ ከተማው ወርቁን ይጠብቃት ነበር። ጠመዝማዛ የአንገት ሐብል ነው የሚል አለ፤ አምባር ነው የሚልም አለ። ባልደረቦቿ አንገቷን አዩ፣ እጇን አዩ። እዮብ «ከእኔም ትደብቂ?» ብሎ አኮረፈ። እሷ ግን ልብስ ሰፊዋን ሰው ሁሉ መጠርጠሩን እንደተወ አስተዋለች፤ ወርቁን አላስተባበለችም።

በተመለሰች በሳምንቱ ቁጥሩን ልታስቀይር ባንክ ሄደች። ጸሐፊዋ ያችው ነበረች።

«መልእክቱ እኮ ለእርስዎ ደኅንነት ነው» አለቻት።

«ከማን?»

«ከሌባ ነዋ።»

«ልጄ፣ ሌባ ገንዘቤን ይወስድ ነበር እንጂ መናኸሪያ ላይ አያነብብኝም ነበር።»

ጸሐፊዋ አልገባትም፤ ቁጥሩን ግን ቀየረችላት።

ትዕግስት በመስከረም ሴት ልጅ ወለደች። በሰማንያኛው ቀን፣ በክርስትናው ድግስ፣ ስመ ክርስትናዋን ብቻ ሸሽጋ፣ ታሪኩን ከመጋረጃው እስከ ፊርማው ራሷ ለእንግዳው ሁሉ አወራችው። እዮብ ጠላውን አስቀምጦ ከእህቱ አጠገብ መጣ።

«ከተማው ሲያማሽ ዝም አልሽ» አላት። «እኔ ወንድምሽ ነኝ። ለእኔ እንኳ አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ለአንተ ብነግርህ ለማን አልነገርሁም ማለት ነው?»

እዮብ ወደ ሕፃኗ ዞር አለ።

«ዛሬ ስመ ክርስትናዋን ማን አሏት?»

«እሱን እናቷን ጠይቅ» አለች ላቀች።