ስለት የሌለው ጩቤ

ዛሬ ጠዋት፣ በገና ዋዜማ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ «ቢላ የሚሳል!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ባለቤቴ ትዕግስት ከወጥ ቤት ጠራችኝ። «የአባዬን ቢላ ይዘህ ውረድ፤ ሽንኩርት እንኳ አልቆርጥ ብሏል!»

ወረድኩ። በየበዓሉ ዋዜማ እወርዳለሁ። ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው የያዘው ቢላ ነው፤ የእኔ ግን ሲወለድ ቢላ አልነበረም። ማስረዳት እወዳለሁና (የመምህርነት ልማድ ነው) ከመጀመሪያው ልጀምር።

ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጓደኞቼ ኳስ ሲከታተሉ እኔ የድሮ የጀርመን መኮንኖች ከክብር ልብሳቸው ጋር በወገባቸው የሚያንጠለጥሉትን ጩቤ እሰበስብ ነበር። እሰበስብ ነበር ስል፣ ሦስት ነበሩኝ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች የለቃቀምኳቸው ናቸው፤ አዲስ አበባ እንዴት እንደደረሱ ሻጮቹ የነገሩኝ ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። ከሁሉ የምወደው የባሕር ኃይል መኮንኑን ጩቤ ነበር። ነጭ እጀታው ላይ የነሐስ ሽቦ ተጠምጥሟል፣ አናቱ ላይ ዘውድ አለው፣ ብረቱ ላይ ደግሞ መልሕቅና ባለ ሸራ መርከብ በቀጭኑ ተቀርጾበታል።

ችግሩ ቃሉ ነበር። በእኛ ቋንቋ ጩቤ ካልክ የሰከረ ሰውና ፖሊስ ጣቢያ አብረው ይመጣሉ። «የክብር ጩቤ ነው» ብልም ሰው የሚሰማኝ ሁለተኛውን ቃል ብቻ ነበር።

ትዕግስትን ለማግባት ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ይኸው ቃል ቀድሞኝ ደረሰ። አባቷ ጋሽ ድሪባ ከላፍቶ ነባር ገበሬዎች አንዱ ነበሩ፤ ስንዴ ይዘሩበት የነበረውን መሬት ፎቅ ቢከበውም ከቤታቸው ጀርባ ላሞች ያረቡ ነበር። ሽማግሌዎቼን አብልተው አጠጥተው «እናስብበት» ብለው ሸኟቸው። በማግሥቱ ትዕግስት የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አባዬ እንቅልፍ አጥቷል። ‹ልጄን ለጩቤ ሰብሳቢ ልስጥ?› ይላል።»

«የክብር መሆኑን አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኩት። ‹በጩቤ ደግሞ ምን ክብር አለ?› አለኝ። ራሱ ያምጣና ያሳየኝ ብሏል።»

ደስ አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አሳየኝ ያለኝ ሰው አልነበረም።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ባለ መልሕቁን በጋቢ ጠቅልዬ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ቢገኝብኝ ለማን አስረዳለሁ? ነፋሱ ደረቅ ነበር፤ የመንገዱ አቧራ ከንፈር ላይ ይቀመጣል። ስለታቸውን ለገብርኤል አስገብተው የሚመለሱ ሴቶች ጥላቸውን አጥፈው እያወሩ ያልፉኝ ነበር።

ጋሽ ድሪባ ቤት ሱፍ ፍትፍት ቀርቦ ከበላን በኋላ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣው እስቲ።»

ማብራሪያዬን አዘጋጅቼ ነበር። አንደኛ ዘውዱ፣ ሁለተኛ መልሕቁ፣ ሦስተኛ የተሠራበት ዞሊንገን የሚባለው የብረት ከተማ። ገና ዘውዱ ላይ እንዳለሁ አቋረጡኝ።

«ይቆርጣል?»

«አይቆርጥም፣ ጋሼ። ስለት የለውም። ሲሠራም ለጌጥ ነው።»

አውራ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አሳለፉ። «በገብርኤል ቀን እቤቴ ተቀምጠህ ስለት የለውም ትለኛለህ?» ሚስታቸው እትዬ ወርቄ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«የብረቱን ማለቴ ነው፣ ጋሼ...»

«ገባኝ። የሚቆርጥ ቢሆን ዱርዬ ነህ ብዬ እከለክልህ ነበር። የማይቆርጥ ጩቤ በደመወዙ የሚገዛን ሰው ደግሞ ምን ልበለው?»

ቢቆርጥ ዱርዬ፣ ባይቆርጥ ሞኝ። በማስተምርበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያፋጠጠኝ ተማሪ የለም።

«እስከ ገና እኔ ጋ ይቆይ» አሉ። ትዕግስት ከበሩ ሥር ሆና በዓይኗ «ተወው» አለችኝ። ተውኩት። በእርጋታ ሊመለከቱት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በገና ቀን ስደርስ በጉ ተገፎ ተሰቅሏል። ጋሽ ድሪባ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ዱለት ይከትፋሉ። የያዙትን መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። ኋላ ነጩን እጀታ አየሁት። የብረት በር ከሚሠራ ጎረቤታቸው ዘንድ ወስደው በሚሽከረከር ድንጋይ አስሞርደውታል፤ ከዚያም ማጭድ በሚስሉበት ድንጋይ ራሳቸው ሲስሉት ሰንብተዋል። መርከቡ የለም። ከመልሕቁም እጀታው ሥር አንዲት ጠማማ ጫፍ ብቻ ቀርታለች።

ጠረግ ጠረግ አደረጉትና እጀታውን ወደ እኔ አዙረው ሰጡኝ።

«እንካ ልጄ፣ ስለትህ ሰመረ! ሽማግሌዎችህም ይመለሱ።»

ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ትዕግስት ወደ ጓዳ ሮጠች። ስለቱ የሰመረለት ሰው ምን ይላል? የስንት ዘመን ቅርጽ ለዱለት ሲባል ጠፋ ብዬ ልጩህ? አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰለፉ ቀሩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ብዬ ጎንበስ አልኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ። ዱለቱ በጣም ይጣፍጥ ነበር፤ ያም አናደደኝ።

ጋሽ ድሪባ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጠዋት በራችን ላይ ቢላ የሚስለው ወጣት ብረቱን አገላብጦ አየና፣

«መምህር፣ እዚህች ጋ ዝገት አለች፤ ላጥፋልዎት?» አለኝ።

«ዝገት አይደለችም! መልሕቅ ናት። አንደኛ...»

«መምህር፣ በጋችን እኮ ቆሞ እየጠበቀ ነው!» አለች ከኋላዬ የተሰለፈችው ጎረቤቴ።

«ብቻ እሷን አትንካት» አልኩት። ወጣቱ ስሎ እስኪጨርስ ዓይኔን ከዚያች ጫፍ ላይ አልነቀልኩም። ፎቅ ስወጣ ትዕግስት ተቀብላኝ ሽንኩርቱ ላይ አሳረፈችው። «ይቆርጣል!» አለች፣ በአባቷ ድምፅ።

ሁለቱ ጩቤዎቼ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደተጠቀለሉ አሉ። ምንም አልጎደላቸውም፤ ምን እንደሆኑ የጠየቀኝ እንግዳም የለም። የተበላሸውን ግን በየበዓሉ አስረዳለሁ። እስከ ሦስተኛው ድረስ የሚያዳምጠኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።