ብርቱካን ሻጯ በየትኛው እጇ

በ1959 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነው፤ አዋሽ። የመጋዘናችን ቆርቆሮ በሙቀት የሚንጣጣበት ጊዜ ነበር። ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ሰሞኑን የቤተሰቡን ፎቶ ግድግዳ ላይ ስትሰቅል፣ "እማዬ፣ የእናትሽስ?" አለችኝ። የለም አልኳት። ለምን እንደሌለ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። የጥጥ እርሻው ዕቃ ወደ ጅቡቲ በባቡር በሚላክበት መጋዘን ጸሐፊ ሆኜ እሠራ ነበር። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ወደ አገሩ ሊመለስ ስለሆነ፣ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ እያየሁ ምንነቱን በካርድ እጽፋለሁ። ከመሀሉ መስታወት የለበሰ ሥዕል ወጣ። ማዳም የምንላት የሥራ አስኪያጁ ሚስት መዳብ ላይ በመርፌ ጭራ፣ ቀለም ቀብታ፣ ወረቀት ላይ ያተመችው ነው። የድሬዳዋ መንገድ ነበር፦ ጋሪ፣ የዛፍ ጥላ፣ ከጥላው ሥር ብርቱካን የምታቀብል ሴት።

አጉሊ መነጽሩን አስጠጋሁ። አንገቷን ዘንበል ማድረጓ፣ ሻሿን ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጋ ማሰሯ።

"ጋሽ ሙላቱ፣ እናቴ ናት!" አልኩ።

ድሬዳዋ ብርቱካን ትሸጥ የነበረችው እናቴ አስካለ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። አንድም ፎቶ አልነበራትም።

አለቃዬ ጋሽ ሙላቱ ድሬዳዋ ያደገ ነውና ያውቃታል። እናቴ ግራኝ ነበረች። በግራ እጅ መስጠት እንደ ንቀት ስለሚቆጠር ደንበኛው ሁሉ ይሰድባት ነበር። እሷም "የፈጠረኝን ጠይቁት" ብላ ብርቱካኗን በዚያው በግራዋ ትሰጣለች።

ጋሽ ሙላቱ መነጽሩን ተቀብሎኝ አየና ሳቀ።

"ይቺ እኮ በቀኟ ነው የምታቀብለው። እማማ አስካለ በቀኟ የሰጠችው ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር! ናፍቆት ነው ልጄ። በይ ጻፊ፣ ባቡሩ አይጠብቅም።"

ደግሜ አየሁ። እውነቱን ነው፤ በቀኟ ነው። "ያልታወቀች ብርቱካን ሻጭ" ብዬ ጻፍኩ። ሣጥኑ ተቸነከረ፤ ባቡሩ ይዞት ሄደ።

አመሻሹ ላይ ማዳም ደረሰኝ ልትወስድ መጣች። አላስችል ብሎኝ፣ ብርቱካን ሻጯ ማን እንደሆነች ጠየቅኳት።

"አስካለ! 'ልጄ አዋሽ ነው የምትሠራው' ትለኝ ነበር። ሁልጊዜ በግራዋ ነው የምትሰጠኝ።"

"ሥዕሉ ላይ ግን በቀኟ ነው።"

"መዳቡ ላይ በግራዋ ነው የሳልኳት። ሲታተም ይገለበጣል፤ እንደ ማኅተም።"

የመጋዘኑ ማኅተም ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከእጄ አጠገብ ነበር።

"እናቴ ናት" አልኳት። አፏን በእጇ ያዘች። "ሌላ አትሜ እልክልሻለሁ" አለች። አልላከችም።

አልፈርድባትም። ለአንድ አፍታም ቢሆን የእናቴን ፊት ያሳየኝን አምላክ አመሰግነዋለሁ። ምሬቱ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። በሕይወቷ ሙሉ ያሰደባት እጅ፣ ከሞተች በኋላም መልኳን አሳጣኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ መጋዘን ገባሁና እኛ ጋ የቀረውን የካርዱን ግልባጭ አወጣሁ። "ያልታወቀች" የሚለውን ሰረዝኩ። "አስካለ፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል" ብዬ ጻፍኩ። ከታች "መዝጋቢ" በሚለው ቦታ የሥራ መደቤን ትቼ፣ "ልጇ" ብዬ ፈረምኩ።