ሐረር ግድግዳ ላይ የዋለው ጎርፋ

የጉያቱ ጎሊቻ አንድ ቀን ስንት ይፈጃል ብትሏት በሳንቲም አትነግራችሁም። ስድስት ጀሪካን ውኃ ይፈጃል፤ ሁለቱ ለቤቷ፣ አራቱ ለምታጸዳው ትምህርት ቤት። ስምንት ክፍል መጥረግ ይፈጃል፤ ስምንተኛውን ስትጨርስ የነገሌ ቀይ አቧራ ዞሮ አንደኛው ክፍል ገብቷልና እሱን እንደገና መጥረግ። አመሻሽ ላይ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት አንድ ሰዓት አለ። ሴት ልጇን ጠጂቱን የምትቆጣበት ድምፅም መቆጠብ አለበት። "ይኼን ሁሉ ከፍዬ ስተኛ ለሐሳብ የሚተርፍ የለኝም" ትላለች።

ታዲያ በ1980 ዓ.ም. ከነዚህ ቀኖች ሁሉ በላይ ያስከፈላት ቀን፣ ምንም ሥራ ያልሠራችበት የሽርሽር ቀን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንበብና መጻፍ ተምረው ፈተና ላለፉ ሴቶች የሴቶች ማኅበሩ ሽልማት አዘጋጀ፤ ሐረር ወስዶ የጥንቱን ግንብና ሙዚየም ማስጎብኘት። ከነገሌ አሥራ ሁለት ሴቶች ተመረጡ፣ ጉያቱም አንዷ ሆነች። መሪያቸው የማኅበሩ ጸሐፊ ወይዘሮ ሐረገወይን ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን በሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሳቸውም ማኅተም ከቦርሳቸው የማይለይ ሴት ናቸው።

ጉያቱ ለመንገዱ ጎርፋዋን አዘጋጀች። ጎርፋ ከቀጭን ሥር እንደ ስፌት ተጠብቆ የሚሠራ፣ ክዳን ያለው የወተት ዕቃ ነው። በእንጨት ጭስ ሲታጠን ኢቲቱ የሚሉትን የረጋ ወተት ለብዙ ቀን ሳያበላሽ ያቆያል። ይኼኛውን እናቷ ለሰርጓ የሰፉላት ነው። በመጪው ሚያዝያ ደግሞ ጠጂቱ ስታገባ ይዛው ባሏ ቤት ልትገባ ነው፤ የአማቾቿ ቤት ሴቶችም "የአያትሽ ጎርፋ አለ አይደል?" እያሉ ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። ስለዚህ ጠጂቱ እናቷን ሌላ ዕቃ ያዢ ብላ ለመነቻት። ጉያቱ አልሰማችም። ሰው አገር ባዶ እጅ አይገባም፣ በሌላ ዕቃ ደግሞ ወተቱ አራት ቀን መንገድ አይችልም።

አውቶቡስ ላይ ወይዘሮ ሐረገወይን ዓይናቸው አረፈበት።

"አንቺ ጉያቱ፣ ሐረር ላም የለም ያለሽ ማነው?"

"ላምስ ይኖራል፣ እትዬ። ዘመድ ነው የሌለኝ።"

ክብረ መንግሥት እስኪደርሱ ሴቶቹ ትኬት ያልተቆረጠለት ልጅ አቀፈች እያሉ ሳቁባት። እሷ ግን አራቱንም ቀን ከጭኗ አላወረደችውም። በእናቷ ቤት የወተት ዕቃ ወይ ታቅፎ ወይ ተሰቅሎ ነው እንጂ መሬት አይነካም።

ሐረር የገቡ ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ግንቡን አዩ። ጉያቱ መዳፏን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ብዙ ቆመች። ይኼን ሁሉ ማን ተሸከመው ብላ ጠየቀች፤ ወይዘሮ ሐረገወይን የጥንት ሰዎች ናቸው ሲሏት፣ ጭቃውን ያቦካችው ሴት ስሟ ተጽፎ እንደሆነ ደግሞ ጠየቀች። ከዚያ በጠባቧ መንገድ ሽቅብ ወጥተው ወደ አንድ አሮጌ ቤት ገቡ። አንድ ሽማግሌ፣ አቶ አብዶሽ፣ ጫማ አስወልቀው ቀይ ቀለም በተቀባ ከፍ ያለ መደብ ላይ አስቀመጧቸው። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ ስፌት፣ ቅልና የእንጨት ገበታ ተሰቅሎበታል። ጉያቱ አፏን ይዛ ቀረች። የዚህች ቤት ባለቤት እንዴት ያለች ሴት ናት!

ሙዚየም የሚለውን ቃል ሰምታለች፤ የመስታወት ሣጥን ይኖረዋል ብላ ነው የጠበቀችው። ይኼ ግን ቤት ነው፤ መደቡ፣ ምንጣፉ፣ ጫማ ማውለቁ። እንግዳ ወተት ይዞ ቤት ሲገባ ደግሞ ዕቃውን የት እንደሚያደርግ ታውቃለች። ከሁለት ቅሎች መሃል ባዶ ሚስማር አየች። ጎርፋዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሰቀለች።

ከዚያ ላይኛው ክፍል ሳንቲምና ጎራዴ አዩ፣ በሌላ በር ወጡ፣ ምሳ ቤት ገቡ። እጇን ታጥባ ልትቀመጥ ስትል ትከሻዋ ቀለላት። ምግቡን ትታ በባዶ ሆዷ ሮጠች። በሩ ተዘግቷል።

ደረጃው ላይ ተቀምጣ እስኪከፈት ጠበቀች። በሐሳቧ ጠጂቱ ባዶ እጇን አማቾቿ ደጃፍ ቆማለች። ወይዘሮ ሐረገወይንም እያለከለኩ ደረሱ።

አቶ አብዶሽ ከስግደት ሲመለሱ ነገሩ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ቤቱን ከመዝጋታቸው በፊት ዕቃ ይቆጥራሉ። መቶ አርባ ሁለት መሆን ያለበት መቶ አርባ ሦስት ሆነባቸው። ሦስቴ ቆጥረው፣ ያለ ቁጥር የተሰቀለ አግኝተው፣ የእኔ ስህተት ነው ብለው በእስክሪብቶ መዝግበውታል። ጎርፋው አንገት ላይ ወረቀት ታስሯል።

"አንድ ቢጎድል እታሰራለሁ" አሉ። "አንድ ቢተርፍ ምን እንደሚደረግ ግን መመሪያ የለኝም። ያስጎበኘሁት ሰው ሁሉ እየመጣ የእኔ ነው ቢለኝ ግድግዳው ባዶ ይቀራል።"

ወይዘሮ ሐረገወይን ደብዳቤ ልጻፍ ብለው ማኅተማቸውን አወጡ። ሽማግሌው ደብዳቤውን በደስታ እንደሚቀበሉ፣ የሚመለከተው ኃላፊ ግን ሰኞ እንደሚገባ ነገሯቸው። አውቶቡሱ ነገ ጎህ ሲቀድ ይነሳል።

ጉያቱ ግድግዳውን አሳየቻቸው።

"አባቴ፣ እነዚህ ግድግዳው ላይ ያሉት ውስጣቸው ምን አለ?"

"ምን ይኖራቸዋል፣ ባዶ ናቸው።"

"እንግዲያው ክዳኑን ይክፈቱልኝ። ባዶ ከሆነ የአንቱ ነው። ወተት ካለው የእኔ ነው።"

ሽማግሌው ጎርፋውን አወረዱ፤ ክብደቱ ገና እጃቸው ላይ ሲያርፍ ፊታቸው ተለወጠ። ክዳኑ ሲነሳ የጭሱና የኢቲቱው ሽታ ቤቱን ሞላው። ትንሽ በስኒ ቀድታ ሰጠቻቸው። ቀመሱት። ከዚያ በኦሮምኛ "ናጋ ነው አገሩ?" ብለው ሰላሙን ጠየቋት፤ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ ጣለ ወይ ብለው አስከተሉ። ይኼ ቤት ሰው ሲኖርበት እንዲህ ይሸት እንደነበር፣ እሳቸውም ልጅ ሳሉ እንደሚያስታውሱ ነገሯት።

ለመረከቢያው መዝገቡን ዘርግተው የአውራ ጣት ቀለሙን ከፈቱላት።

"ቀለሙን ይክደኑት" አለች ጉያቱ።

እስክሪብቶውን ተቀብላ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ጎርፋውንም ትከሻዋ ላይ መለሰች። ወይዘሮ ሐረገወይን ማኅተማቸውን መልሰው ቦርሳ ከተቱና፣ የተረፈው ወተት ለእኛም ይድረስ እንጂ አሉ።

ስትወጣ አቶ አብዶሽ በሩ ላይ አስቆሟት። ቁጥር መቶ አርባ ሦስት በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ መዝገቡ ደግሞ ስርዝ ድልዝ አይወድም። ሌላ ጎርፋ ብትልክላቸው ሚስማሩም መዝገቡም እንደሚሞላ ነገሯት። እልካለሁ አለች።

ጠጂቱ ሚያዝያ ላይ የአያቷን ጎርፋ አቅፋ ገባች፤ አሁን ልጇ ከእሱ እየጠጣ ነው። አዲሱንም የጉያቱ ታላቅ እህት ሰፍታ ጨርሳለች። ነገሌ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ጉያቱ ቤት ተሰቅሎ ተሸካሚ ይጠብቃል። ሾፌሮቹ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እንጫነው ይሏታል፣ እሷ እምቢ ትላለች። ስለዚህ ይኼን ለምታነቡ እንዲህ ብላለች፦

"ወደ ሐረር የምትሄዱ ካላችሁ እባካችሁ እኔ ቤት ጎራ በሉና ውሰዱልኝ። አደራ፣ መንገድ ላይ ከጭናችሁ አታውርዱት። እዚያ ስትደርሱም ከሁለቱ ቅሎች መሃል በእጃችሁ ስቀሉልኝ፤ ሽማግሌው ግን ሳያዩ እንዳይሆን።"