ከመቀመጫው ሥር ያለው ክዳን

ስኩተሯን የሰጡኝ ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ አዛውንት ናቸው፤ ትንሽ ትልቁ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሐኪሙ ሁለት ጎማ ላይ መውጣት ሲከለክላቸው፣ ከማያውቁት ሰው እጅ ከምትገባ ብለው ለእኔ ሰጡኝ። "ከባቡር ባቡር ስትንከራተቺ አይሻለሁ፤ ይቺ ትሻልሻለች" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ያኔ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሜልበርን ከተማ፣ ፍሌሚንግተን የሚባል ሰፈር ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር እኖር ነበር። አባቷ ወረቀቱ አላልቅ ብሎ አገር ቤት ቀርቷል። የምሠራው ያራቪል የሚባል ሰፈር፣ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ላውንደሪ ውስጥ ነው። ሺፍቴ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሚጀምር ልጄን ትምህርት ቤት የምታደርስልኝ ጎረቤቴ ናት፤ ከሰዓት በኋላ መቀበሉ ግን የእኔ ነው። አንዱ ባቡር ካመለጠኝ ሌላው እስኪመጣ ልጄ የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ ትጠብቃለች። በዚያ ዓመት ብዙ ባቡር አምልጦኛል።

የተማሪ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሁለት ቅዳሜ ሄደብኝ። መንዳቱን በደንብ ያስለመዱኝ ግን ጋሼ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ በምንከራየው አዳራሽ የመኪና ማቆሚያ ላይ። እኔ ስኩተሯን ባስነሳሁ ቁጥር በሩ ላይ የቆሙት እህቶች "በኢየሱስ ስም!" እያሉ ይጮኹ ነበር። ጋሼ ግን ሳይረበሹ ከጎኔ ያነክሳሉ፤ "ቀስ፣ ቀስ፣ አይዞሽ" ይሉኛል።

ያስረከቡኝ ዕለት ቤንዚኗን ሞልተው ነው ያመጧት። "ማሳል ስትጀምር ይቺን ቁልፍ ወደ ታች አዙሪያት። ሪዘርቭ ነው፤ መጠባበቂያ ቤንዚን። ከዚያ ማደያ ግቢ" አሉ። መለስ አሉና ደግሞ "ዘይቷን እንዳትረሺ" አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ምኑን እሺ እንዳልኩ እኔም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ሕይወት ቀለል አለችኝ። ቤንዚን ይጎድላል የሚል ነገር በአእምሮዬም አልነበረም። ስኩተሯ ደግሞ አሮጌ ስለነበረች ቤንዚን የሚያሳይ መለኪያ የላትም።

የካቲት ላይ ነው፤ የሜልበርን በጋ አናት የሚበሳበት ወቅት። ያን ቀን ላውንደሪው ውስጥ ትልቁ የመተኮሻ ማሽን ቆመና አንሶላውን ሁሉ በእጃችን ማጠፍ ግድ ሆነብን። ሁለት ሁለት እየሆንን፣ ጫፍና ጫፍ ይዘን፣ ተቀራርበን ተራርቀን፣ ደግመን ተቀራርበን። አብራኝ የምታጥፈው የቬትናም ሴት መጀመሪያ ላይ ታንጎራጉር ነበር፤ ከምሳ በኋላ እሷም ዝም አለች። ስምንት ተኩል መውጣት ሲገባኝ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ልጄ ዘጠኝ ተኩል ላይ ትወጣለች። ክንዴ ከትከሻዬ የተነቀለ ይመስለኛል፤ ሄልሜቴን ለማሰር ጣቶቼ እምቢ አሉኝ።

የወደብ ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች በሚርመሰመሱበት መንገድ ላይ ስኩተሯ አሳለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ከሥሬ ዝልፍልፍ አለች። ከኋላዬ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ጥሩምባውን ሲለቀው ወደ መንገዱ ዳር ጠጋሁ። ጋሼ ያሉት ቁልፍ ትዝ አለኝ፤ ዝቅ ብዬ ስዳብስ አገኘሁትና አዞርኩት። ትንሽ ቆይታ ነፍስ ዘራች። ጥቂት እንደሄድኩ ማደያ አየሁና ገባሁ።

ገብቼ ከፓምፑ አጠገብ ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ግን አገር ቤት ማደያ ገብቶ ከመኪናው የሚወርድ ማን አለ? ነዳጅ ቀጂው መጥቶ ስንት ልሙላ ይላል፤ ይቀዳል፤ መሄድ ነው። እዚህ አገር ራሴ ነድቼ ማደያ ገብቼ አላውቅም፤ በሰው መኪና ስሄድም ከኋላ ተቀምጬ ልጄን ሳባብል ሌላው ምን እንደሚያደርግ ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሙቀት፣ ጥላ ሥር መቀመጥ ብቻውን ደስ ብሎኝ ነበር።

በድምፅ ማጉያ የሴት ድምፅ "ፓምፕ ቁጥር ሦስት" አለ። ቀሪውን አልሰማሁትም። ቀና ብዬ ሳይ ያለሁት ሦስት ቁጥር ላይ ነው። ቀጂውን እየጠራችልኝ ነው ብዬ ምስጋናዬን በእጄ አሳየኋት። ደገመችው። እኔም እጄን ደገምኩ።

ከኋላዬ ጥሩምባ ተነፋ። ዞር ስል ሳጥን ሙሉ ቲማቲም በላይ በላዩ የጫነች ትንሽ ቫን ቆማለች። ጥሩምባውን የምትነፋው ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠች አሮጊት ናት፤ በሹፌሩ ላይ ተንጠራርታ። ሹፌሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ እጇን መለስ አድርገው ወረዱና ወደ እኔ መጡ። እንግሊዝኛቸው እንደ እኔው የተሰባበረ ነው።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ።

"ቤንዚን የሚቀዳልኝ ሰው።"

ትንሽ አዩኝ። አልሳቁብኝም። "ሰው የለም። አንቺ ነሽ ሰውየው። መጀመሪያ ሄልሜትሽን አውልቂ፤ ውስጥ ያለችው ገንዘብ ተቀባይ ልጅ ፊትሽን ካላየች ፓምፑን አትከፍትልሽም። እሱን ነው የምትለፈልፈው።"

ሄልሜቱን አወለቅሁ። ሻሼ ከላብ የተነሳ ግንባሬ ላይ ተጣብቋል። ከስኩተሯ ወረድኩና የቤንዚን ክዳኗን መፈለግ ጀመርኩ። ከፊት የለም። ከጎን የለም። ጎንበስ ብዬ ከጎማው በላይ ሳይ አንድ ክዳን የመሰለ ነገር አገኘሁና ልፈታው ስል ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። "ኖ፣ ኖ። ቁልፉን ስጪኝ" አሉ። ቁልፉን ከመቀመጫው ኋላ ሰክተው ሲያዞሩት መቀመጫው እንደ ሳጥን ክዳን ተነሳ። ከሥሩ የታንከሩ ክዳን ተቀምጧል፤ ከጎኑም በጨርቅ የተጠቀለለ የዘይት ጠርሙስ። አንድ ሳምንት ሙሉ ላዩ ላይ ተቀምጬ ስሄድ ነበር።

"ይቺ ዘይቷን ከቤንዚን ጋር ቀላቅላ ነው የምትጠጣው" አሉኝ። ጋሼ ዘይቷን እንዳትረሺ ያሉት ይህን ኖሯል። ሽማግሌው ዘይቱን በጠርሙሱ ክዳን እየለኩ አፈሰሱና ሱፐር የሚባለው ቤንዚን የሚቀዳበትን ፓምፕ አሳዩኝ። "አሁን አንቺ ቅጂ። እኔ ከቀዳሁልሽ ነገም ሰው ትጠብቂያለሽ።"

የፓምፑን አፍንጫ አስገብቼ እጀታውን በሁለት እጄ ጨመቅሁ። ቤንዚኑ ይህን ያህል ኃይል አለው ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ታንከሯ ደግሞ ከድስት ብዙም አትበልጥም። ወዲያው ሞልቶ ገነፈለ፤ እጄ ላይ፣ ቀሚሴ ላይ፣ ሸራ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ለቀቅሁትና ዓይኔ እንባ አቀረረ። የቤንዚኑ ሽታ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። እንዲያው ግን ደክሞኝ ነው። ከንጋት ጀምሮ የሰው አንሶላ ሳጥፍ የዋልኩት ድካም እዚያች ትንሽ ታንከር ላይ ሞልቶ የፈሰሰ መሰለኝ።

"ምንም አይደለም። ይደርቃል" አሉ ሽማግሌው። የፈሰሰውን በጨርቁ አብሰው ክዳኑን አጠበቁልኝ። ገብቼ ከፈልኩ። ድምፅ ማጉያው ላይ የነበረችው ልጅ ፈገግ ብላ አንድ ነገር አለችኝ፤ እኔም ፈገግ አልኩላት።

ስወጣ ሽማግሌው ቫናቸውን ሞልተው ስኩተሬን ከፓምፑ አርቀው ጎማ መንፊያው ጋ፣ ጥላ ሥር አቁመውልኛል። ልሄድ ብዬ ማስነሻውን ረገጥኩ። አልነሳም አለች። ጠዋት ጠዋት ስትቀዘቅዝ የምስበውን፣ ቾክ የሚሉትን ቤንዚን የሚያበዛላትን ማነቂያ ስቤ ደግሜ ረገጥኩ። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ሽማግሌው ከቫናቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው እንደገና መጡ። "አነቅሻት። በቤንዚን አነቅሻት" አሉ፤ ከዚያ ከስኩተሯ የመሣሪያ ማስቀመጫ መፍቻ አውጥተው የጎኗን ሽፋን ከፈቱና አንድ ነገር እየነቀሉ ለራሳቸው አጉረመረሙ።

"ካንዴላ።"

"ካንዴላ!" አልኩ እኔም፤ ሳላስበው።

አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት የአንድ ትራንስፖርት ድርጅት ታይፒስት ነበርኩ። ጋራዡ የሚልከውን የመለዋወጫ ዝርዝር የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ። በቀን አርባ ጊዜ እጽፋቸዋለሁ። አንዳቸውንም አይቼ አላውቅም፤ ጋራዡ ከቢሮው ሌላ ሰፈር ነው። ካንዴላ ማለት ከጣት የማይበልጥ፣ አንገቱ ነጭ፣ ጫፉ በጥላሸት የጠቆረ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

"ጣልያንኛ ትችያለሽ?" አሉኝ ሽማግሌው ቀና ብለው።

"አማርኛ ነው" አልኳቸው። "ፍሪሲዮን። ኩሽኔታ። ቸርኬ።"

ሳቁ። እያንዳንዱን ቃል እየተከተሉ በራሳቸው አነጋገር አቃኑልኝ። እኔም ሳቅሁ፤ በዚያ ሳምንት የሳቅሁት ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ "የየት አገር ሰው ነሽ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ኢትዮጵያ።"

ካንዴላዋን በሸሚዛቸው ጫፍ የሚጠርገው እጃቸው ቆመ።

"ታላቅ ወንድሜ እዚያ ሄዶ ነበር። ወታደር ሆኖ" አሉ።

"ተመለሱ?" አልኳቸው።

"ተመለሰ። ግን ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋር ማዕድ ቀርቦ አያውቅም። እናቴ ለብቻው ነበር የምታቀርብለት። እኔ ልጅ ነበርኩ። ምን እንዳየ አልነገረንም።" ትንፋሻቸውን ወደ ካንዴላዋ እፍ አሉና ጨመሩ፤ "ምን እንዳደረገም አልነገረንም።"

ሲናገሩ አላዩኝም። ሌላ ቀን ቢሆን፣ እንቅልፍ የጠገብኩ ቀን፣ ምናልባት እናደድ ነበር፤ ወይ አዝንላቸው ነበር፤ ወይ አያቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ የሰማሁትን እነግራቸው ነበር። ያን ቀን ግን ሁለታችንም ሙቀት ያደከመን ስደተኞች ነበርን፤ በመካከላችን አንዲት ካንዴላ። "በሕይወት አሉ?" ብዬ ብቻ ጠየቅሁ።

"የለም። ቆይቷል።"

"እግዚአብሔር ያጽናዎት።"

በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳልኩት አላስታውስም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ካንዴላዋን መልሰው ሰክተው አጠበቁ። አሮጊቷ ከቫኗ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸች። "ቲማቲሙ ተቀቀለ ትላለች። ሱጎውን እዚሁ መኪናው ውስጥ ልትሠራው ነው" አሉኝና ማነቂያውን ራሳቸው መለሱት። "ስትሞቅ ይቺን አትሳቢ። አሁን ርገጫት።"

ረገጥኳት። ተነሳች። ላመሰግናቸው ስዞር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ ወደ ቫናቸው እየሄዱ ነበር። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። በኋላ ከዚያ ማደያ ብዙ ጊዜ ቀድቻለሁ፤ አግኝቻቸው አላውቅም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ከአሥር ሰዓት አልፏል። አስተማሪዋ ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ ሰዓቷን ታያለች። ሶሪ፣ ሶሪ አልኳት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ልጄ ቦርሳዋን አንስታ ቀረበችኝና አፍንጫዋን ይዛ በእንግሊዝኛ "እማዬ፣ ትሸቻለሽ" አለችኝ።

"ቤንዚን ነው።"

"ለምን?"

"ኋላ እነግርሻለሁ።"

በተማሪ ፈቃድ ሰው ማፈናጠጥ ስለማይፈቀድ ስኩተሯን እየገፋሁ፣ ልጄ ከጎኔ እየተራመደች ወደ ቤት ሄድን። ሄልሜቱን እሷ አጠለቀችው፤ ጭንቅላቷ ውስጡ ይዋኛል። ዳገቷ ላይ አንድ እጇን ከኋላ አድርጋ ትገፋልኝ ጀመር። ጥቅም ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ ግን ቀለለኝ።

ስኩተሯን ከሕንፃው ሥር አስሬ ስንገባ ሊፍቱ አይሠራም። ወረቀት ተለጥፎበታል። ሁለታችንም ወረቀቱን ቆመን አነበብነው፤ እንደገና አነበብነው። ከዚያ ደረጃውን ተያያዝነው። ሰባተኛው ፎቅ ስንደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄም አጠገቤ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ከምሳዋ የተረፈ ግማሽ ሳንድዊች አውጥታ ለሁለት ገመሰችው። እጄ ስለሚሸት እሷ አጎረሰችኝ።

"ዛሬ ምን ሠራሽ?" አለችኝ፤ አስተማሪዋ በየጠዋቱ ልጆቹን በምትጠይቅበት ድምፅ።

"ቤንዚን ቀዳሁ።"

"ያ ብቻ?"

"አንሶላም አጠፍኩ።"

"እሺ፣ በቃ እንውጣ" አለችና እጄን ይዛ ሳበችኝ። አራት ፎቅ ቀርቶን ነበር።