ሦስት ሥልጣን ያለበት ቤት

ከጅዳ ወደ መካ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ኢንጂነር ሀሰና አጠገብ የተቀመጠችው ሴት በጥቁር አባያዋ ስር ነጭ ስኒከር ተጫምታለች። የእጇ ሂና ገና አልደበዘዘም። ስሟን አልተናገረችም፤ ጅዳ ውስጥ ኦብሑር ሰፈር ሰው ቤት እንደምትሠራ ግን ወዲያው አወራች።

«የቤቱ ልጅ አሜሪካ ልትማር ነው። የአገሩን ሕገ መንግሥት ወደ ዓረብኛ እየተረጎመች ጮክ ብላ ስታጠና፣ እኔ አጠገቧ ልብስ እተኩሳለሁ። ሥልጣን ለሦስት የተከፈለው አንዱ ብቻውን እንዳይፈነጭ ነው ስትል ጆሮዬ ቆመ። ወላሂ የኛ ቤት ነው! ማዳም ሕግ ታወጣለች፣ ባሏ ባባ ያስፈጽማል፣ የባባ እናት ይፈርዳሉ።»

ሀሰና ሳቋን በሻሿ ሸፈነች።

«ትናንት ማዳም እንግዳ አለብኝ ብላ ለዑምራ ጉዞ የያዝኩትን እረፍት ሰረዘች። ቀጥ ብዬ አሮጊቷ ጋ ገባሁ። እግራቸውን እያሸሁ ‹ዑምራ የሚከለክል ሕግ ይጸናል እንዴ?› አልኳቸው። ወለሉን በምርኩዛቸው መቱና ሻሩት። ኸላስ፣ አለቀ!»

መካ ገብተው ዛሂር ሰፈር ሲደርሱ ሴትዮዋ ለመውረድ ተነሳች።

«ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ ገና ነው እኮ» አለች ሀሰና።

«ዑምራውን ነገ አብረን እናደርጋለን፣ ኢንሻአላህ» አለችና ውጭ ቆሞ በየመስኮቱ የሚያንጋጥጠውን ጎልማሳ አሳየቻት። «ባሌ ነው። እነ ማዳም ያላገባሁ ነው የሚመስላቸው።»

«አሮጊቷ ቢያውቁስ?»

«ዳኛ ባልቀረበለት ክስ አይፈርድም» ብላ ጠቀሰቻት።

መንገዱን ሙሉ ስትለፈልፍ የመጣችው ሴት፣ ሰውየው እጇን ሲይዛት እንደ አዲስ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።