የአርጆ ዳገትና የኦቦ ዲንሳ አውራ ጣት

ባለፈው ቅዳሜ ነቀምቴ፣ ከቤቴ ደጃፍ፣ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ሞተሩን እንዳስነሳ ቆሞ ነበር። ባለቤቱ ሱቅ ገብቷል። መኪናው ይንዘፈዘፋል፤ ሦስቴ በደንብ ይተነፍስና አራተኛውን ይስታል። ዳቦዬን እንደያዝኩ ቆሜ አዳመጥኩት። ጆሮዬ ከእርጅና ጋር ብዙ ነገር ትቷል፤ ያን ድምፅ ግን አልተወም።

በጃንሆይ ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሾፌር ነበርኩ። ከሸዋ መጥቼ ከነቀምቴ አርጆ የምትመላለስ አንዲት ያረጀች አውቶቡስ እነዳ ነበር። ባለቤቷ አቶ ሰብሮ የሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ ነበሩ። መንጃ ፈቃድ በኪሴ፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩበት ወረቀት በሻንጣዬ ስላለ፣ በከተማው የሚበልጠኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ፣ የአውቶቡሷ ሞተር መንተፋተፍ ጀመረ። ሲሞቅ ይብስበታል። አቶ ሰብሮ ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ወርደው ነበር፤ ሲሄዱ «ችግር ካለ ለኦቦ ዲንሳ አሳይ» ብለውኛል። ኦቦ ማለት እኛ አቶ እንደምንለው ነው። እኔ ግን ኦቦም አቶም አልለውም፤ አባቴ የሚሆነውን ሰው አንተ እያልኩ ነበር የማናግረው። መካኒክነትን የተማረው በወረራው ዘመን ለጣሊያን መፍቻ እያቀበለ ነው። አማርኛው ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርግበታል። አንድ ቀን በሰው ፊት «ይህ ልጅ መኪና አይነዳም፣ መኪና ያሰቃያል» ብሎኝ ስለነበር ቂም ይዤበታለሁ።

የአርጆ ገበያ ቀን ነበር። ተሳፋሪው ቅቤና ማሩን ጭኖ ተቀምጧል። የአቶ ሰብሮ ትእዛዝ ስለሆነብኝ ዲንሳን የግዴን አስጠራሁት፤ ሞተሩን አስነስቶ የካንዴላዎቹን ሽቦ በየተራ ነቀለ። አንደኛውን ሲነቅል ሞተሩ ደከመ፤ ሁለተኛውን ሲነቅልም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲነቅል ምንም አልተለወጠም።

«ሦስተኛ ሞቷል» አለኝ።

«ካንዴላውን ቀይረዋ!»

ቀየረው፤ ያው ነው። ካንዴላውን ፈትቶ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፈነና ሞተሩን በብረት እጀታው እንዳዞር አዘዘኝ። የታመቀው አየር ጣቱን ገፍቶ ማንሳት ነበረበት። አላነሳውም።

«ቫልቩ ተቃጠለች። አትዘጋም። ዛሬ አርጆ የለም። ብትሄድ ትሰበራለች፣ ውስጥ ትወድቃለች።»

«ቫልቩ ናት ወይስ ነው?» አልኩት ጮክ ብዬ። «መጀመሪያ አማርኛህን አስተካክል፣ ከዚያ ሞተር ታስተካክላለህ!»

የተወሰኑት ሳቁ። እኔም ከእነሱ በላይ ሳቅሁ። «ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት ነው» ብዬ ኮፈኑን ከደንኩት።

«ዳጌፈዱ፣ ጉርባ» አለኝ። ስማ፣ አንተ ልጅ፣ ማለቱ ነው። ወደ ሞተሩ እየጠቆመ «እኔን ተው። እሷን ስማት።»

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ ታናሽ ወንድሙን ተርፋን በኦሮምኛ እንዲወርድ ለመነው። ተርፋ ቅቤ ነጋዴ ነበር። እኔም ከመሪው ላይ ሆኜ «የፈራ ይውረድ!» አልኩ። ሰው እያየው ማን ይወርዳል? ተርፋ አልወረደም።

መንገዱ ግራና ቀኙ ኑግ አብቦ ቢጫ ነበር። ሴቶች ከመንገድ ዳር የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ፤ ሽታው ጋቢናው ድረስ ይገባል። ሞተሩ እየተንገዳገደም ቢሆን ስለሚሄድ በልቤ ዲንሳን እሰድበው ነበር። የአርጆን ዳገት ከግማሽ በላይ ከወጣን በኋላ ከሥር የብረት መንቋቋት ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ ጓ! አለና ጸጥ አለ። ፍሬን ያዝኩ። ፍሬኑ ጎማውን ያዘው፤ ጭቃው ግን ጎማውን አልያዘውም። አውቶቡሷ ወደ ኋላ፣ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረች። ሰው ጮኸ። ተርፋ በኋላ በር ዘሎ ወርዶ ድንጋይ አንከባሎ ከጎማው ሥር ሸጎጠ። ቆመች። ቀኝ እጁ ግን በድንጋዩና በጎማው መካከል ቀርቶ ነበር።

በቡና ጫኝ መኪና ነቀምቴ መለስነው። ሁለት ጣቱ ተቆረጠ።

በሦስተኛው ቀን ዲንሳ ዳገቱ ድረስ መጣ። ሞተሩን ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የተሰበረውን የቫልቭ ራስ ከውስጥ አወጣና መዳፌን ዘርግቶ አስቀመጠልኝ።

«አሁን አማርኛዬ ገባህ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። አቶ ሰብሮ ሲመለሱ ቁልፋቸውን ተቀበሉኝ። ለሌላ ሰው እየነዳሁ እዚያው ነቀምቴ ቀረሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ተርፋ ከዓመት በኋላ ቤቴ መጥቶ በላ፤ «የወሰደኝ ቅቤው ነው እንጂ አንተ አይደለህም» ይለኝ ነበር። ዲንሳን ግን በገበያም በለቅሶ ቤትም ባገኘሁት ቁጥር «አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ዲንሳ» ብዬ እንዴት አደርክ ስለው ፊቴን አይቶ ያልፋል። ሽማግሌ ላክ ያሉኝ ነበሩ። አልላክሁም። እምቢ ይለኛል ብዬ አልነበረም፤ ያልኩትን ቃል በቃል በሽማግሌዎቹ ፊት ይደግመዋል ብዬ ፈርቼ ነው። እንዳኮረፈኝ ሞተ።

ድሮ ክፉ ሽማግሌ እለው ነበር። ዛሬ በእሱ ዕድሜ ሆኜ ሳስበው አይፈረድበትም። ለተቆረጡት ጣቶቹ ተርፋ ራሱ ይቅር ብሎኛል፤ ዲንሳን በሰው ፊት የሳቅሁበትን ሳቅ ግን ይቅር ሊለኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።