ከአልጋዬ የወረደው ባሌ

ለሁለተኛ ጊዜ ማርገዜን ለባለቤቴ ስነግረው ፊቱ ላይ ደስታ አላየሁም። ትራሱን ከአልጋችን አንስቶ ሳሎን ሶፋው ላይ አኖረ። በማግስቱ እናቱን ሊያመጣ ተበላ ወደምትባለው ከተማ በሚኒባስ ተሳፈረ።

እሱ ሶዶ ውስጥ አስተማሪ፣ እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርን። ደርግ ወድቆ ልጆች በወላይትኛ መማር የጀመሩበት ሰሞን ነው። የመጀመሪያው ፅንስ ሦስት ወር ሳይሞላው ወርዶብኛል። ከመውረዱ ጥቂት ቀደም ብሎ አብረን ተኝተን ነበር፤ ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ታዲያ ሊጠይቁኝ በመጡት ሴቶች መሀል አማቴ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ነፍሰ ጡር ሚስቱን የሚነካ ወንድ ፅንሱን ያናጋል" አሉ። እሱ ለእንግዶቹ ወንበር ይዞ ሲገባ ሰማቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁን የገደለው እሱ እንደሆነ አመነ።

አሁን ደግሞ አማቴ መጥተው በእሱ ቦታ ከጎኔ ተኙ። ደግ ሴት ናቸው፣ ላማቸው አልችልም። ቆጮውን በቅቤ አርሰው ያጎርሱኛል፤ ዳጣ ሲያምረኝ እንኳ ያቃጥልሻል ብለው አልከለከሉኝም። የከለከሉኝ ልጃቸውን ብቻ ነው! እሱ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ እንደ እንግዳ "ደህና ዋልሽ?" ይለኛል። ሌላውን አልፈለግሁም ብል ውሸታም ነኝ። ከሁሉም በላይ ግን ልጃችን ሆዴ ውስጥ ስትራገጥ እጁን እንዲያሳርፍባት ነበር የምመኘው። ያንንም ማድረግ ፈራ።

ዱቦ ሆስፒታል ለምርመራ ስሄድ አማቴ አብረውኝ ሄዱ። ሐኪሟ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣች ወጣት ስለነበረች ከአማርኛ ሌላ አትናገርም። አማቴ አማርኛ እንደማይሰሙ ተማምኜ፣ ዓይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ፣ ያንን ጥያቄ እንደምንም አወጣሁት።

"የመጀመሪያው በዚያ ምክንያት አልወረደም" አለችኝ። "እንዲያ ቶሎ የሚወርድ ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው በደንብ ሳይፈጠር ቀርቶ ነው። አሁን መርምሬሻለሁ፣ የሚያሰጋ ነገር አላየሁብሽም። ደም ካየሽ ወይም ውሃ ከፈሰሰሽ ተዉትና ቶሎ ነይ። ያለዚያ አብራችሁ ብትተኙ ልጁ አይጎዳም። ባልሽ ካልገባው ይምጣ፣ ራሴ እነግረዋለሁ።"

አማቴ አፍ አፏን ሲያዩ ቆይተው "ምን አለችሽ?" አሉኝ በወላይትኛ።

ምን ልበላቸው? "ደህና ነሽ አለችኝ" አልኳቸው።

ቤት ስንደርስ አማቴ ወደ ጓሮ እስኪወጡ ጠብቄ ለእሱ ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

"አንቺን ለማጽናናት ብላ ነው" አለ።

"እንግዲያው ሄደህ ራስህ ጠይቃት።"

"እኔ? መዘምራን የምመራ ሰው፣ አንዲት ልጅ ፊት ተቀምጬ ይህን ልጠይቅ?"

ተቆጣሁት፣ ለመንኩት፣ አለቀስኩበት። ምንም አልፈየደም። ቁጣዬን ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ጥፋተኛ አይደለህም ስለው ግን የሰደብኩት ያህል ይከፋዋል። ሐኪም የነገረኝን እውነት ይዤ ገዛ ቤቴ ውስጥ የማደርገው ጠፋኝ። እስክወልድ ድረስ ሶፋው ላይ እንደተኛ ነበር።

ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ድምፅዋ ጎረቤት የሚጠራ፣ ድንቡሽቡሽ ያለች። አማቴ እልል አሉ። ሕፃኗን ለልጃቸው እያቀበሉ "አየህ? ሲጠነቀቁ እንዲህ ነው" አሉት።

እሱ ታቅፏት ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጠ። ስንት ወር ሙሉ ያልቀረበኝ ሰው ጉልበቱ ጉልበቴን ነካኝ። እንባው ሲወርድ ሳይ በደስታ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እናቱ እንዳይሰሙት በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እንግዲህ ያኛውን የገደልኩት እኔው ነኝ" አለኝ።

ሐኪሟ ያለችውን ልደግምለት አፌን ከፈትኩ። ልጃችን ግን እቅፉ ውስጥ ጤነኛ ሆና ተኝታለች፤ እሱ የሚያየው እሷን ነው።